ጉልበት ባለቀ ጊዜ፦ ስለ አረጋውያን ምእመናን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በየአጥቢያው ላላችሁ የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ አባላት፣ ለንስሐ አባቶች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች፣ ለማኅበርና ለሰንበቴ ሙሴዎች (መሪዎች)

ጉዳዩ፦ አረጋውያን ከቤተ ክርስቲያን ሳይርቁ በጤናና በክብር እንዲያረጁ ስለማድረግ

የተከበራችሁ አባቶቻችን፣ እናቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤

አንዲት እናት ለዓመታት ያላስታጎለችውን የእሑድ ቅዳሴ ስትተው ለማንም አትናገርም። ጎረቤት ቢጠይቃት «ምን ላድርግ ልጄ፣ ዕድሜ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ዕድሜው እውነት ነው፤ ከቤት ያስቀራት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የደጀ ሰላሙ ደረጃ መደገፊያ የለውም። በቅጥሩ ውስጥ ተቀምጣ የምትጠቀምበት መጸዳጃ የለም። በባዶ ሆዷ የዋጠችው ክኒን ያዞራታል። የማኅበሩ ተራ ደርሶባት ለድግሱ የሚሆን ገንዘብ አጥታለች። እነዚህ ሁሉ በእናንተ እጅ ያሉ ነገሮች ስለሆኑ ነው ለእናንተ የጻፍነው።

እኛ በሕክምናና በአጥቢያ አገልግሎት ከአረጋውያን ጋር የምንውል ምእመናን ነን። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለደከመ ሰውነት ቦታ አለው፤ የጎደለው ቦታውን ለአረጋዊው የሚያሳየው ሰው ነው። መዝሙረኛው «በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፥ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ» ብሎ የለመነው እግዚአብሔርን ነው። ልመናው የሚፈጸመው ግን በሰው እጅ ነው፤ ወንበር በሚያቀርብ፣ በር በሚያንኳኳ፣ የመድኃኒት ሰዓት በሚጠይቅ እጅ።

ከጾም እንጀምር፤ ብዙ ጉዳት ያየነው እዚህ ላይ ነውና። የሐዋርያት ቀኖና ጾምን የማይጾመውን ሲገሥጽ የሰውነት ድካም የከለከለውን ሰው ለይቶ ያወጣዋል። ይህን ካህናቱ ያውቁታል። የ75 ዓመቷ እናት ግን ልጅ ሳለች የተማረችውን ይዛ 55ቱን ቀን እስከ 9 ሰዓት ትቆያለች፤ ንስሐ አባቷም ካልጠየቀችው አይነግራትም፤ እርሷ ደግሞ መጠየቁን እንደ ስንፍና ታየዋለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ቃል ከንስሐ አባት ይምጣ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ከ65 ዓመት በላይ የሆኑትን የንስሐ ልጆቻችሁን አንድ በአንድ ጥሩና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? በስንት ሰዓት? ባለፈው ጾም ወድቀሽ ወይም አዙሮሽ ያውቃል? መልሱን ሰምታችሁ ሰዓቱን ቁረጡላት። ለብዙዎቹ የሚበጀው የጾሙን ምግብ ሳይለውጡ ሰዓቱን ማሳጠር ነው። ከቀዶ ሕክምና ላገገመች ወይም ክብደቷ እየቀነሰ ላለች እናት ግን ወተትና እንቁላልም መፍቀድ ሊያስፈልግ ይችላል። «እንደ ዐቅምሽ ጹሚ» ብሎ መተው ግን አይበጅም። እንዲህ የተባለች እናት ዐቅሟን የምትለካው በወጣትነቷ ነውና እንደ ወጣት ትጾማለች። «በ4 ሰዓት ትበያለሽ፤ ይህን ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ» ሲባል ግን ኅሊናዋ ያርፋል። የቀረውን ጾም በዐይንና በአንደበት ትፈጽመው፤ ቅዱስ ያሬድም «ይጹም ዐይን ይጹም ልሳን» ብሎ ያዜመው ለሁሉም ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ይረዳልና ጥቂት እናብራራ። ሰው ሲያረጅ የጥማት ስሜቱ ይደክማል። ውኃ እየጎደለውም አይጠማውም፤ ኩላሊቱም እንደ ቀድሞው ውኃ አይቆጥብም። በዚህ ላይ ብዙዎች ጠዋት የሚያሸና የግፊት ክኒን ይውጣሉ። ውኃ ሳይጠጡ እስከ ቀትር ቆይተው ከስግደት ቀና ሲሉ ግፊታቸው በድንገት ይወርዳል፤ ዐይናቸው ይጨልማል፤ ይወድቃሉ። የዳሌ አጥንት ስብራት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። አንዳንዶች ቤተ ክርስቲያን ሽንት እንዳይዛቸው ብለው ክኒኑን በራሳቸው ፈቃድ ይተዉታል፤ ያን ቀን ደግሞ ግፊቱ ይወጣል። የክኒኑን ሰዓት ማዛወር ይቻላል፤ የሚያዛውረው ግን ሐኪሙ ነው። የጉልበትና የወገብ ሕመም ማስታገሻዎችም፣ ለምሳሌ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን፣ በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ውኃ በጎደለው ሰውነት ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳሉ።

የስኳር ሕመም ያለባቸው የባሰ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ክኒን ምግብ ኖረም አልኖረም ስኳርን ያወርዳል፤ ባረጀ ኩላሊት ደግሞ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ሰው ላይ አደጋው ያነሰ ነው። ትልቁ ወጥመድ የማታ ኢንሱሊን ነው፤ በተለይ ለሚቆርቡ። ለቁርባን 18 ሰዓት ከምግብ መከልከል ሥርዓት ነው፤ እሑድ ጠዋት በ3 ሰዓት የሚቆርብ ሰው የመጨረሻ ምግቡን የሚበላው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት ነው ማለት ነው። ያ ሰው ማታ በ1 ሰዓት እንደ ወትሮው ኢንሱሊኑን ከተወጋ ሌሊቱን ሁሉ ስኳሩ ሲወርድ ያድራል፤ አጠገቡ የተኛውም ላያውቅ ይችላል። ከቆራቢዎቻችን ብዙዎቹ ሕፃናትና አረጋውያን ስለሆኑ ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። የሚቆርብ አረጋዊ ከሳምንት በፊት ሐኪሙን «ያን ዕለት መጠኑን ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን ይዞ ንስሐ አባቱ ዘንድ ይሂድ፤ ሁለቱ የተስማሙበት በወረቀት ይጻፍለት። ካህኑ ስለ መድኃኒቱ፣ ሐኪሙም ስለ ሥርዓቱ ብቻቸውን ሲወስኑ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

የምግቡም ነገር አለ። በጾም ወራት አረጋውያን የሚበሉት ብዙ ጊዜ ቀጭን ሽሮና እንጀራ ነው። 50 ኪሎ የምትመዝን እናት ጡንቻዋ እንዳይሟሽሽ በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣል፤ በሁለት ማንኪያ ዱቄት የተበጠበጠ ሽሮ ግን 6 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሽሮው ይወፍር፤ ምስሩ፣ ባቄላው፣ አተሩ ይጨመር፤ ጥርስ ለሌላት የለውዝ ቅቤና የሱፍ ፍትፍት ይምጣላት። አንድ ጊዜ ብዙ ማቅረብ አይጠቅምም፤ ያረጀ ሆድ ትንሽ በልቶ ይጠግባልና የጾሙ ሰዓት ካለፈ በኋላ በሁለትና በሦስት ጊዜ ይከፈል። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከእንስሳት ተዋጽኦ እንጂ ከአትክልት አይገኝም። ያረጀ ጨጓራ ቫይታሚኑን ከምግብ የማውጣት ዐቅሙ ይቀንሳል፤ ሜትፎርሚንና የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ለዓመታት ሲወሰዱ ደግሞ ያባብሱታል። ሁሉንም አጽዋማት የምትጾም፣ እግሯን የሚደነዝዛት፣ ምላሷ የሚቆስል፣ መርሳት የጀመራት እናት ካለች «አርጅታ ነው» ከማለታችሁ በፊት የደም ምርመራ ታድርግ። ጉድለቱ ቶሎ ከተገኘ በመርፌ ወይም በክኒን ይሞላል፤ ከዘገየ ግን የተጎዳ ነርቭ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

አሁን ወደ ቅጥሩ እንግባ። መቋሚያ ለማኅሌት የሚመረኮዙበት እንጂ ደረጃ የሚወጡበት አይደለም፤ ለመሄጃ ከዘራ ይሻላል። የከዘራው ራስ ክንድ ወደ ታች ሲዘረጋ ከእጅ አንጓ ጋር እኩል ይሁን፤ ጫፉ ላይ ጎማ ይኑረው፤ የሚያዘውም ከሚያመው እግር በተቃራኒው ነው። ብዙዎች በሚያመው በኩል ስለሚይዙት ክብደቱን ያንኑ እግር ያሸክሙታል። ለተቀማጮች የሚሆነው ወንበር መቀመጫው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ ጠንካራና የእጅ መደገፊያ ያለው ነው። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ የተቀመጠ አረጋዊ ወንጌል ሲነበብ መነሣት አቅቶት ያፍራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም። ወንበሮቹን ኋላ ግድግዳ ሥር አትደርድሯቸው፤ ጆሯቸው የደከመ ስለሆነ ወደ ፊት ይቅረቡ፤ ግን ድምፅ ማጉያው አፍ ሥር አይሁኑ። ያረጀ ጆሮ ላይ ድምፅ ሲጮህ ቃሉ ይደበላለቅበታል እንጂ አይጠራለትም።

ጫማ ማውለቅ ሥርዓት ነው፤ የሚወልቅበት ቦታ ግን መቀመጫ ይፈልጋል፤ በአንድ እግር ቆመው ሲያወልቁ የሚወድቁ አሉና። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ስለሚደነዝዝ በፀሐይ የጋለ ድንጋይ ሲያቃጥለው፣ ጠጠር ሲወጋው አይሰማውም። ወፍራም ንጹሕ ካልሲ ያድርግ፤ ቤቱ ሲመለስም አንድ ሰው ውስጥ እግሩንና የጣቶቹን መካከል ይይለት። የምንጣፉ ጠርዝ ከወለሉ ጋር ይጣበቅ። ለደረጃው መያዣ ከ85 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይተከል። ተዳፋት መግቢያ (ራምፕ) ከተሠራ ለእያንዳንዱ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ያስፈልገዋል፤ አጥሮ የተሠራው ተሽከርካሪ ወንበር ቢያወጣም ሲወርድ ያጣድፈዋል።

መጸዳጃውን ለብቻው እንናገረዋለን፤ ሰው ሁሉ አፍሮ የሚዘለው እርሱ ነውና። ከወለደች ብዙ ዓመት የሆናት እናት ስታስል ሽንት ሊያመልጣት ይችላል፤ ፕሮስቴቱ ያበጠ አባት በየግማሽ ሰዓቱ ሊነሣ ይችላል። መጸዳጃው ሩቅ፣ ጨለማና የቁጢጥ ከሆነ ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው አይደፍረውም። አንዱን ክፍል ብቻ መቀመጫ ያለውና ግድግዳው ላይ ብረት መያዣ የተተከለበት ብታደርጉት ብዙ ሰው ትመልሳላችሁ። ከዚያ የሚከብደው ኀፍረቱ ነው። «ሽንቴን መቆጣጠር ስላቃተኝ ንጹሕ አይደለሁም» ብላ በራሷ ፍርድ ከቅዳሴ የቀረች እናት አለች፤ ይህን ለንስሐ አባቷም አትነግረውም። አባቶቻችን ሆይ፣ ስሟን ሳትጠሩ በስብከት መካከል ተናገሩላት፦ ይህ ሕመም ነው፤ ኀጢአት አይደለም፤ ሕክምናም አለው፤ ፓድ አድርገሽ ነዪ።

ሰው በቅዳሴ መካከል ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ቢያንስ አራት አገልጋዮች ይወቁ። ከብበው አያፍኑት፤ በጀርባው ያጋድሙት፤ እግሩን ከፍ ያድርጉለት። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነና መዋጥ ከቻለ በግማሽ ብርጭቆ ውኃ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጠው ያጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙለት። ራሱን ከሳተ ጠበልም ቢሆን አፉ ውስጥ አይጨመር፤ ወደ ሳንባ ይገባልና፤ በጎኑ አዙረው ይያዙት። አፉ ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከከበደው፣ ንግግሩ ከተያዘ ስትሮክ ነውና የጀመረበትን ሰዓት ጽፈው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ይደወላል።

ስለ ማኅበርና ሰንበቴ አጭር ነገር እንበል። የጽዋ ማኅበር ለአረጋዊ ሰው በወር አንድ ቀን ሰው የሚያይበት፣ ስሙ የሚጠራበት ነው። ድግሱ እያደገ ሲሄድ ግን ጡረታ ላይ ያለው ሰው ተራው ከመድረሱ በፊት በጸጥታ ይወጣል። ሙሴዎች ይህን መከላከል ትችላላችሁ፦ ለሁሉም አባል፣ ሀብታሙንም ጨምሮ፣ ዳቦና ጠላ ብቻ ብላችሁ ወስኑ። ለድሃው ብቻ «አንተ ቅለል» ማለት ያዋርደዋል። ቤቱ ለጠበበው ደግሞ ዝክሩ በሌላ አባል ቤት በእርሱ ስም ይዘከርለት።

ከቤት መውጣት ያቃታቸውን በተመለከተ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መንገዱን አሳይቷል። መበለቶቹ በዕለት ምግብ እንደ ተረሱ በተነገረ ጊዜ ሐዋርያት ሰባት ሰዎች በስም አስመረጡ። የእኛ የጥየቃ መርሐ ግብር ግን ብዙ ጊዜ በዐውደ ምሕረት ማስታወቂያ ይጀምርና በሦስት ወር ይበተናል። ሃምሳ ቤት በአንድ ቀን ለማዳረስ ስለሚሞከር ወጣቶቹ ይደክማሉ፤ አረጋዊውም የማያውቀው ፊት በየጊዜው ሲገባበት ይከብደዋል። እኛ የምንመክረው ሁለት አገልጋዮች አራት ቤት ብቻ ይዘው ዓመቱን ሙሉ ሳይቀያየሩ በየሁለት ሳምንቱ እንዲሄዱ ነው፤ ዝርዝሩንም አንድ ሰው በደብተር ይያዘው። ጉብኝቱ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀን የተከፈለ ስለሆነ የዕለቱን አብረው ያንብቡ። ከዚያ ዐይናቸው ይሥራ፦ የመድኃኒቱ ከረጢት ውስጥ ያለፈበት አለ? ማሰሮው ባዶ ነው? ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ማታ መብራት አለው? ልብሱ ሰፍቶታል? በሁለት ወር ውስጥ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ከገባ ሐኪም ይየው።

የመርሳት በሽታ የያዛቸውን አትሽሹ። ትናንት የሆነውን የማታስታውስ እናት አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልትደግመው ትችላለች፤ በልጅነት በቃል የተያዘ ነገር ከሁሉ በኋላ የሚሄድ ነውና። ስትረበሽ ከመከራከር አብሯት ጸሎት መጀመር ይሻላል፤ ቃሉ ይይዛታል። አዲስ ጥያቄ አታብዙባት፤ «እኔን ታውቂኛለሽ?» ብላችሁ አትፈትኗት፤ ስማችሁን ራሳችሁ ንገሯት። በሽታውን ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ማሰር፣ በቀዝቃዛ ጠበል ደጋግሞ ማጥመቅ፣ መድኃኒት ማስጣል ጉዳት ነው። የአረጋዊ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ በባዶ ሆድ ሊትር በሊትር የተጠጣ ውኃም የደሙን ጨው አውርዶ ያወናብደዋል። ጠበሉን በጽዋ ትጠጣው፣ ትቀባው፤ መድኃኒቷንም ትውሰድ።

አንድ የምንሰጋበት ነገር አለ። «ዓለም በቃኝ፤ ውሰደኝ» የሚል አረጋዊ ሲገጥመን ቅድስና ነው ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዱ እውነትም እንደ ስምዖን አረጋዊ ያየውን አይቶ የረካ ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ የልጅ ልጁ ሲመጣ ፊቱ ይበራል። ሌላው ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ምግብ ትቷል፤ ሌሊት ነቅቶ ያድራል፤ ይወደው የነበረውን ጸሎት እንኳ ትቷል፤ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ይላል። ይህ ድብርት ነው፤ ይታከማል። የትዳር ጓደኛውን በቅርቡ የቀበረ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ተከታተሉት፤ አርባው ወጥቶ ለቀስተኛው ሲቀር ነው ቤቱ ባዶ የሚሆነው።

ሥራም ስጧቸው። ቋንቋችን እርጅናንም ማስታረቅንም «ሽምግልና» ብሎ በአንድ ስም ጠርቷል፤ ስሙ ሲኖር ሥራው ግን ለወጣት ኮሚቴ ሄዷል። የተጣሉ ባልና ሚስት ወደ አረጋዊው ቤት ይሂዱ፤ አእምሮው ንቁ በሆነበት በጠዋት ይቀመጡ፤ ነገሩ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይለፍ። የሚያዩ ዐይኖች ያሏቸው ለሕፃናት ፊደል ያስቆጥሩ፤ የማያዩት የዜማ ቃል ያስይዙ። የዐይን ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ስለሆነም «ጨለመብኝ» ያለውን ሁሉ እንዲሁ ቁጭ አታድርጉት። የማይፈልገውንም አታስገድዱት፤ ቤርዜሊ በ80 ዓመቱ ዳዊት ወደ ቤተ መንግሥት ሲጠራው የምግቡን ጣዕም እንደማይለይ፣ የዘፋኞችንም ድምፅ እንደማይሰማ ነግሮት በቤቱ ቀርቷል፤ ንጉሡም ስሞ መርቆ አሰናበተው።

ኑዛዜን ሳናነሣ አናልፍም፤ የንስሐ አባት ብዙ ጊዜ የሚጠራው ለዚህ ነውና። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 881 መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ መገለጽ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ የፍርድ ቤት መዝጋቢ ወይም የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። የሚፈርሰው በትንሽ ነገር ነው፦ ምስክሮቹ በየቤታቸው እየዞሩ ይፈርማሉ፤ ወይም ተነበበ የሚለው ቃል ሳይጻፍ ይቀራል። ከዚያ ልጆች ለዓመታት ይካሰሳሉ። ስለዚህ አረጋዊው አእምሮው ጤነኛ ሳለ፣ ሳይታመም ይናዘዝ፤ የታረቀና ያልታረቀውንም ያን ዕለት ይይ።

በውጭ ሀገር ላላችሁ አጥቢያዎችም አንድ ቃል አለን። የልጅ ልጅ ለመጠበቅ ከሀገር የሄዱ እናቶች መኪና አይነዱም፣ ቋንቋ አይችሉም፤ ልጆቻቸው እሑድ ሥራ ከገቡ ወር ሙሉ ቅዳሴ ያልፋቸዋል። ማን ማንን እንደሚያመጣ በስም የተጻፈ የመኪና ተራ ይውጣ።

ከሁሉ አስቀድሞ የምንለምናችሁ ይህ ነው። በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባችሁ ባለፈው ዓመት ይመጡ የነበሩና አሁን የማይታዩ አረጋውያንን ስም ጻፉ። በዚያው ሳምንት ሁለት ሰው ልካችሁ «ምን ቢስተካከል ይመጣሉ?» ብላችሁ አስጠይቁ፤ መልሳቸውንም በተናገሩት ቃል ጻፉት። የእጅ መደገፊያ ያላቸው አሥር ወንበሮችም ለመጪው እሑድ ይቅረቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።